አብራሪዎቹ ሲዛወሩ እጃችን ላይ የቀረው ክር

የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ እዚያ ዘመድ ያለው ሰው አይጠፋም፤ ዘመድ ያለው ደግሞ «እንዲህማ አልነበረም» ማለቱ አይቀርም። ከተማዋ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ጠዋት ጠዋት ደመና በደጅ ገብቶ በጓሮ የሚወጣባት ከተማ ነበረች። ሰው ልብስ ሲያሰጣ ደመናውን በእጁ ገፋ እያደረገ ነው። የእኛ ሰው ይህን እንደ ተአምር አይቆጥረውም፤ «ዛሬ ደግሞ ወፈረ» ብሎ ያልፋል።

ከዚያች ከተማ አብራሪዎች ይነሱ ነበር። አብራሪ ማለት ድርጅቱ ነጭ ሸሚዝ አልብሶ አውሮፕላን ላይ ያስቀመጠው ሰው ነው። ድርጅቱ የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ድርጅቱ ድርጅቱ ነው። አብራሪዎቹና የአውሮፕላን አስተናጋጆቹ ከማረፊያው ሜዳ አጠገብ በተሠራላቸው ሰፈር ይኖራሉ፤ እኛ ከእነሱ ሰፈር በታች እንኖራለን። የእኛ ሥራ እነሱን መያዝ ነው።

መያዝ ስል ወህኒ አይምሰላችሁ። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ወገቡ ላይ በሰም የታሸ የጥጥ ክር ይታሰርለታል። ሌላውን ጫፍ ክር ያዡ በቀኝ መዳፉ ላይ ጠምጥሞ ሜዳው ዳር ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ይቀመጣል። አውሮፕላኑ ይነሳል፣ ክሩ ይከተለዋል። «ሄዶ ሄዶ አያልቅም ወይ?» ይላሉ እንግዶች። አያልቅም። ሰው የያዘው ክር አያልቅም፤ አባቶቻችን ያሉት ይህንን ነው፣ እኛም አልቆ አላየንም። አብራሪው በባሕር ላይ ሲያልፍ ክሩ ጨው ጨው ይላል፤ በበረሃ ላይ ሲያልፍ ይሞቃል። ከዚያች ዱካ ሳልነሳ ስንት አገር እንደቀመስኩ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አብራሪው ተመልሶ ሲያርፍ በእግሩ ወደ ክር ያዡ ይመጣና «ገባሁ» ይለዋል። ያን ጊዜ መዳፍ ይፈታል። «ገባሁ» ሳይባል መልቀቅ ማለት በእኛ ዘንድ የማይታሰብ ነገር ነው። ሽንቱ የመጣበት ሰው እንኳ ጫፉን ለጎረቤቱ አስይዞ ነው የሚሄደው።

እኔ ቢያድግልኝ እባላለሁ። ትምህርቴን ብዙም አልገፋሁበትም፤ መምህሩ ጥያቄ ስጠይቅ ዝንብ እንዳረፈበት ሰው ፊቱን ያጠቁርብኝ ነበር፣ እኔም ተውኩለት። አብራሪ ለመሆን ግን ተመዝግቤያለሁ። ቁመት ለኪው ከላይ እስከ ታች አየኝና ሜትሩን ሳይዘረጋ «አንተ ለመያዝ ነው የምትሆነው» አለኝ። ሜትሩን ሳይዘረጋ! ለክቶኝ አጥሬ ብገኝ አይቆጨኝም ነበር። ከኋላዬ ተሰልፎ የነበረው ልጅ ውብእሸት ይባላል። እሱ ገባ፤ ሲወጣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን እሱን እንድይዝ ተሰጠኝ።

ያዝኩት። ስንት ማዕበል አሳለፍኩት። ሲያገባ ከዳሱ ውጭ፣ ጎመን የሚታጠብበት በርሜል አጠገብ አስቀመጡኝ። «ባለ ክሩንም አብሉት» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ባለ ክሩ! ያመጡልኝ ወጥ ሥጋው ቀድሞ የወጣለት ነበር። አልረሳሁትም፤ ለመርሳትም አላሰብኩም።

እንዲህ ስንኖር አንድ ጠዋት ከደመናው መሀል አንድ ሰው ብቅ አለ። ጫማው አልረጠበም። አቶ ልሳነወርቅ ይባላል፣ ድርጅቱ የላከው የመዝጋት ሹም ነው። ሥራው መዝጋት ብቻ ነው፤ የሚከፍት ሌላ ሹም አለ ይባላል፣ እሱ ግን እኛ ጋ መጥቶ አያውቅም። ሜዳው ላይ ሰበሰበንና፣

«የአብራሪዎቹ ጣቢያ ይዘጋል» አለ። «አብራሪዎቹም አስተናጋጆቹም ወደ ታችኛው ከተማ ይዛወራሉ።»

«ምን አጠፋን?» አለች እትዬ ጥሩሰው። ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ሲሞት ዱካውን ወርሳ አንዲት ወጣት አብራሪ ትይዛለች። ምላሷን የሚፈራ እንጂ የሚደፍር አልነበረም።

«ጥፋት የለባችሁም፣ እመቤቴ። ከተማችሁ ለሰማይ በጣም ትቀርባለች። ድርጅቱ የሚታወቀው ወደ ላይ በመውጣት ነው። እዚህ ገና ሲነሱ ሰማይ ነው፤ ምኑን ወጡት? ታችኛው ከተማ ግን ጉድጓድ ውስጥ ናት፣ የሚወጣው ብዙ ነው።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ የተሳሳተ መሆኑ ለሁላችንም ገብቶናል፤ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ግን ጣቱን የሚያሳርፍበት ጠፋ።

«እኛስ?» አልኩ እኔ።

«እናንተ የድርጅቱ ሠራተኞች አይደላችሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነን?»

አቶ ልሳነወርቅ አሰበ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ከልቡ ነው ያሰበው። «ልማድ ናችሁ» አለኝ። «ልማድ ደግሞ አይዛወርም።»

ከዚያ በኋላ መጠቅለል ሆነ። አስተናጋጆቹ መጋረጃቸውን አውርደው በመስኮቱ በኩል የሚታየውን ተራራም አብረው ሊያጥፉት ሲታገሉ አየሁ። የአንዱ አብራሪ ሚስት «ያለ ደመና እንቅልፍ አይወስደኝም» ብላ በርሜል ሙሉ ደመና አስጫነች። ክዳኑን ያሰርኩላት እኔ ነኝ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አላለችኝም።

የኋላውን ጣጣ ሁሉ ያመጣብን ግን የመጨረሻው ዕለት ነው። ልንሸኛቸው ሜዳው ዳር ወጣን። ሴቱ ያለቅሳል፤ ወንዱ አቧራው ነው እያለ ያስላል። አብራሪዎቹ ተሰልፈው መጡ፤ እኛም እንደወትሮው ወገብ ወገባቸው ላይ አሰርን። ማንም እሰሩ አላለንም። እነሱም እንደወትሮው ክንዳቸውን ከፍ አድርገው ቆሙልን። እጅ የለመደውን መሥራት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ልብ ደግሞ ያን ቀን ሌላ ቦታ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሱ። ክሩ ሁሉ ከሜዳው ወደ ገደሉ፣ ከገደሉ ወደ ሰማዩ ተዘረጋ፣ ዓለሙ በሙሉ የሸማኔ ቤት መሰለ። እውነት ለመናገር፣ ያማረ ነበር።

አንጋጠን ስናይ ቆየን። በኋላ እትዬ ጥሩሰው መዳፏን አየች፣ እኛን አየች።

«እንዴ!» አለች። «እነዚህ ሰዎች እኮ የሚያርፉት እዚያ ነው! ማን መጥቶ ሊፈታን ነው?»

ሁላችንም መዳፍ መዳፋችንን አየን።

እንግዲህ ከተማው በአንድ እጁ መኖር ጀመረ። በአንድ እጅ ይታረሳል፣ በአንድ እጅ ይቦካል፣ ለቅሶ ቤት ደረት የሚመታው በአንድ እጅ ነው። ገበያ ላይ ክሩ ስለሚጠላለፍ ሰው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት «በላይህ ልለፍ ወይስ በታችህ?» ይላል። ጭብጨባ እንኳ ለሁለት ሆነ፤ አንዱ ግራውን ያቀርባል፣ ሌላው በግራው ይመታዋል። እንዲህ ሲያጨበጭቡ ተላምደው የተጋቡ አሉ።

አቶ ልሳነወርቅ በበኩሉ መዝጋቱን ቀጠለ። የሰፈሩን በሮች ዘጋ፣ መስኮቶቹን ዘጋ፣ አንድ ተከፍቶ የተረሳ ጃንጥላ አግኝቶ እሱንም ዘጋ። በመጨረሻ ሜዳውን ዘጋ፤ ማኮብኮቢያው አፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰንሰለት ዘርግቶ ትልቅ ጓጉንቸር አንጠለጠለበት።

«ሰማዩስ?» አልኩት።

«የሰማዩ ጉዳይ የሌላ ክፍል ነው» አለኝ። ከዚያ ወደ ሁላችን ዞረ። «አሁን እናንተ ክሩን ልቀቁና ሥራዬን ልፈጽም።»

«ገባሁ አልተባልንማ» አለው ሕዝቡ።

«ግድ የለም፣ እኔ እላለሁ። ገባሁ!»

«አንተ ደግሞ መቼ ሄድክና ነው የምትገባው?» አለችው እትዬ ጥሩሰው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ደመናው ውስጥ ገባ። ሲሄድም ጫማው አልረጠበም።

መልቀቁ የተጀመረው እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ቀስ በቀስ፣ በየጓዳው። አንዱ አጨዳ ደረሰበትና ለቀቀ። አንዷ ሙሽራ ናት፣ ሁለት እጄን ሂና ካልተቀባሁ ብላ ለቀቀች። የተለቀቀ ክር ሳሩ ውስጥ እንደ እባብ ሸርተት ይልና ገደሉ አፍ ላይ ዘሎ ይጠፋል። ወድቋል የሚል ወሬ አልመጣም። ደርሷል የሚልም አልመጣም። የለቀቀው ሰው መዳፉን አገላብጦ ያያል፣ ሱሪው ላይ ይጠርገዋል፣ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በነጋታው አያነሳውም።

እትዬ ጥሩሰው ከሁሉ ዘግይታ መጣች። ጓዟን በጀርባዋ አዝላለች።

«ልጄ ወልዳለች» አለችኝ። «ሕፃን በአንድ እጅ አይታጠብም።»

«እሱማ አይታጠብም።»

አጠገቤ ቁጭ አለችና መዳፏን ቀስ ብላ ፈታች። ክሩ ሄደ። እያየችው ቆየች።

«ያቺ አብራሪዬ ወደቀች ይመስልሃል፣ ቢያድግልኝ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ውሸት እንኳ አታውቅበትም አንተ! አይ አልወደቀችም ብትለኝ ምን ይጎድልብሃል?» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «አንተስ? ልቀቀውና ኑር እንጂ። ጠላትህ አይደል እንዴ? ሌት ተቀን የሰርጉን ወጥ ስታነሳብኝ አይደል የኖርከው?»

«ጠላቴ ስለሆነ ነዋ» አልኳት። «ወዳጄ ቢሆን ለቅቄው ነበር። ወዳጅ ይቅር ይላል። ይህ ሰውዬ ግን በእኔ ላይ የሚናገረው አንዲት ነገር እንዲያገኝ አልፈልግም።»

«ታዲያ ምን እስኪሆን ነው?»

«መጥቶ፣ እዚህ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ በስሜ ጠርቶ ገባሁ እስኪለኝ።»

«ውብእሸት? ስምህን?» አለች። የሳቀችብኝ መሰለኝ፤ ግን ግንባሬን ሳመችኝና ሄደች።

ብቻዬን ቀረሁ። ከተማውም ከፊሉ ወደ ልጆቹ፣ ከፊሉ ወደ ዘመዶቹ ሄዶ ሳሳ። ደመናው አሁን በደጅ ሲገባ የሚገፋው ሰው ስለሌለ ቤት ውስጥ ያድራል። እኔ ዱካዬ ላይ ነኝ። የምሠራበት እጅ ግራዬ ብቻ ነው፤ ጓሮዬ አረም ዋጠው፣ ጣሪያዬ ማፍሰስ ጀመረ፣ ቀኝ መዳፌ ላይ ክሩ እንደ ሥር ገብቶ ሥጋዬን ሰንጥቆታል። በየምሽቱ ክሩን አንዴ ሳብ አደርገዋለሁ። ለክፋትም ነበር፣ አለ ወይ ለማለትም ነበር። ከዚያ በኩል፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ እሱም ሳብ ያደርገዋል። በቃ ይኸው ነው ጨዋታችን። አንዳንድ ሰው ከሚስቱ ጋር የዚህን ያህል አይነጋገርም።

አንድ ሰሞን ክሩ ጣዕሙን አጣ። ጨውም የለው፣ ሙቀትም የለው፤ ብቀምሰው አቧራ አቧራ ይላል። ከዚያ አንድ ምሽት ሳብኩት፣ መልስ አልመጣም። እንዲያውም ተላልቶ ሳሩ ላይ ተኛ።

ወደቀ አልኩ። ይኸው፣ ወደቀ፣ እኔ ሳልለቀው ወደቀ፣ ከእኔ የሆነ ነገር የለበትም። ደስ እስኪለኝ ጠበቅሁ። አላለኝም። «ውብእሸት!» እያልኩ የላላውን ክር ወደ ራሴ ስጎትት፣ ስጎትት ነጋ።

ጠዋት ደመናው ከፈት ሲል በገደሉ መንገድ አንድ ሰው ሲወጣ አየሁ። በእግሩ ነው። ነጭ ሸሚዙ መልኩ ጠፍቷል። ትከሻው ላይ የነዶ ያህል የከበደ ልቃቂት ተሸክሟል። ወገቡ ላይ የታሰረውን ክር ተከትሎ፣ እየጠቀለለ እየጠቀለለ፣ ከታችኛው ከተማ እስከ እኔ መዳፍ ደረሰ። ልቃቂቱን አወረደና ላቡን ጠረገ።

«አንተ ነህ የያዝከኝ?» አለ ካፒቴን ውብእሸት።

«እኔ ነኝ።»

«ስምህ ማን ነበር?»

«ነበር» አለ። ዋጥኩት። «ቢያድግልኝ።»

«እባክህ ቢያድግልኝ፣ ልቀቀኝ።»

«ገባሁ በለኝና እለቅሃለሁ።»

ሳሩ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ፤ እግሩ ተልጧል። «እዚያ ታች እኮ» አለ፣ «መውጣቱ አያልቅም። ስንወጣ ውለን ሳንደርስ ይመሽና እንመለሳለን። ዕቃዬ እስከ ዛሬ ድረስ ከካርቶን አልወጣም። አንተ ደግሞ በየምሽቱ ወገቤን ሳብ ታደርጋለህ፤ አውሮፕላኑ በራሱ ወደዚህ ይዞራል። ተሳፋሪው አማረረ፣ አወረዱኝ። የሌሎቹ ክር ተለቋል፣ እነሱ ቀለላቸው።»

«ቀለላቸው?»

«በጣም ነው የቀለላቸው። ሲቀመጡ ወንበሩን አይነኩትም። ሲተኙ ብርድ ልብሱ ነው የሚይዛቸው።»

«ያቺ እትዬ ጥሩሰው የምትይዛት ልጅስ?»

«እሷማ» አለና ወደ ገደሉ አየ። «መስኮት ሲከፈት በየተራ እንጠብቃታለን።»

ደመናው በመካከላችን አለፈ።

«እኔም ይቅለለኝ» አለ።

«ገባሁ በላ! ይኸው መጥተሃል፣ እግርህ እዚህ ነው። አንዲት ቃል ናት።»

«በየት ገብቼ?» አለና ሰንሰለቱን በአገጩ አሳየኝ። «አብራሪ የሚገባው በሜዳ ነው። ሜዳው ተቆልፏል። ሳልገባ ገባሁ ልበልህ? አንተንማ አልዋሽህም፣ በባሕር ላይ ይዘኸኛል።»

ይህን ሲለኝ ነደደኝ። በስሜ ጠራኝ፣ ፊት ለፊቴ ቆመ፣ አመሰገነኝም ማለት ይቻላል፤ የምፈልገውን ሁሉ ሰጥቶ አንዲቷን ከለከለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ሲከለክለኝ!

«አንተ ሁሉ ነገር ተለክቶ የተሰጠህ ሰው ነህ!» አልኩት። «እኔን ሜትሩን እንኳ ሳይዘረጋ ነው የመለሰኝ!»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ቆይ፣ ያኔ ከፊቴ የነበርከው ልጅ ነህ እንዴ? ... እኔንም እኮ አልለካኝም።»

«ምን?»

«ሜትሩ ተሰብሮበት ነበር። አንድ ሸሚዝ ነበረው፣ ከሰቀለበት አወረደና አለበሰኝ። ልክ ሆነኝ። በቃ፣ አብራሪ ነህ አለኝ።»

ለዚያ ሸሚዝ ስንት ዓመት እንደተቃጠልኩ አሰብኩ። ከዚያ ያልታሰበ ነገር አሰብኩ። ልማዳችን አንድ የታሰረና አንድ የያዘ ሰው ይኑር ይላል። ማን ማን ይሁን አይልም።

«ፍታው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ወገብህ ላይ ያለውን። ለእኔ እሰረው። ጫፉን አንተ ያዝ።»

«አብደሃል እንዴ? እኔ መያዝ አልችልም። ከመሪ በቀር ይዤ የማውቀው ነገር የለም።»

«እኔም መብረር አልችልም፤ አልችልም ተባልኩ እንጂ አልሞከርኩትም። ና፣ ዱካው ላይ ተቀመጥ።»

እንደ ሕፃን ፈራ። ሆኖም ተቀመጠ። ክሩን ከመዳፌ ስንፈታው ቆዳዬ አብሮ ተነሳ፤ እሱ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይላል። ሲያስረኝ ሁለቴ ፈትቶ አሰረው። ሸሚዙንም ሊያወልቅልኝ ቁልፉን መፍታት ጀመረ።

«ተወው» አልኩት። «ላንተ ነው ልኩ።»

ሰንሰለቱን ተሻገርኩት። አውሮፕላን የሚያግድ ሰንሰለት ሰውን ከጉልበቱ በላይ አይደርስም። ማኮብኮቢያው ላይ ሳር በቅሏል። አውሮፕላን አልነበረም፤ በእግሬ ሄድኩ፣ ከዚያ ትንሽ ሮጥኩ፤ በዕድሜዬ መሮጥ ያሳፍራል፣ ግን የሚያየኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እግሬ መሬት መልቀቁን ያወቅሁት ድንጋዩ እግሬን መውጋቱን ሲተው ነው። ወደ ታች ሳይ የእኔ ጣሪያ ነው፤ የሚያፈሰው በየት በኩል እንደሆነ ያን ጊዜ አየሁት።

ይኸው እስካሁን እዚህ ነኝ። ብዙ ተባለ ስለ መብረር፤ ያን ያህል አይደለም። ይበርዳል። የሚገርመው ሌላ ነው፤ ወገቤ ላይ የሰው እጅ አለ። ሲያስነጥሰው አውቃለሁ፣ ሲያንቀላፋ አውቃለሁ፣ እንቅልፉን ታግሎ ሲነቃም አውቃለሁ። አያያዙ ደህና አይደለም። ያጠብቃል፣ ደመና ውስጥ ስገባ ይደነግጥና ሁለቴ ይጎትታል፣ መላላት ባለበት ጊዜ ይወጥራል። ጀማሪ ነው፤ አልፈርድበትም። ትናንት ታችኛው ከተማ ላይ ሳልፍ አንዲት ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ልጅ በመስኮት ወጥታ ከጣሪያው በላይ ስትንሳፈፍ አገኘኋት፤ የእኔን ክር ጨብጣ እጅ በእጅ ወደ ላይ፣ ወደ አፋፉ አቅጣጫ፣ ወደ እሱ ሄደች። ሁለት ሰው ሲከብደው ተሰማኝ። አልለቀቀም።

ቀኝ እጄ ባዶ ናት። ቁስሉ ጠግጓል። ምን እንደማደርግባት ገና አላወቅሁም፤ ለጊዜው ጣቶቿን ከፍቼ ነፋሱ ውስጥ ዘርግቻታለሁ።